«ያ አንተ ነህ»፦ የሂንዱ ራስን የማወቅ መንገዶች አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱት?

ጠያቂው_ሰው፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ ሂንዱ ፍልስፍና በአማርኛ የሚጻፈው ነገር መጨረሻው ሁልጊዜ «መንገዱ ብዙ፣ መድረሻው አንድ» ነው። የዕውቀት፣ የፍቅር፣ የሥራና የተመስጦ መንገድ ተብሎ አራት ይቆጠርና፣ ወንዞች ሁሉ ወደ አንድ ባሕር ይገባሉ ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። የፍልስፍናው ትምህርት ቤቶች (የሊቃውንቱ ወገኖች) ራሳቸው እንዲህ ይላሉ ወይ? ደግሞስ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚሳሳተውስ የቱ ጋ ነው? «ራስን ማወቅ» የሚለው ሐረግ ብቻውን አልጨበጥ ብሎኛል።

ዘአንድምታ፦
ወንድሜ፣ አይሉም። አራት ተብሎ የሚቆጠረው ዝርዝር በዚህ መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የሂንዱ መነኩሴው ስዋሚ ቪቬካናንዳ ባስተማሩት ትምህርት ነው። የቀደሙት ትምህርት ቤቶች ግን እርስ በርስ ሲረቱና ሲረታቱ ነው የኖሩት። የሚለያዩትም በመንገዱ ብቻ አይደለም፤ በመድረሻውም ነው።

ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል። በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ (ከቬዳዎች፣ ከሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ አንዱ ክፍል) 6ኛ ምዕራፍ ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ በ24 ዓመቱ ቬዳዎችን ሁሉ ተምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ «ያልተሰማው የሚሰማበትን፣ ያልታወቀው የሚታወቅበትን ትምህርት ጠይቀሃል?» ይለዋል። ልጁ አያውቅም። አባትየው ጨው አምጥቶ ማታ ውኃ ውስጥ እንዲጨምረው ያዘዋል። ጠዋት «ጨውን አምጣ» ይለዋል፤ ልጁ ቢፈልግ ያጣዋል። «ከላይ ቅመስ፤ ከመሐል ቅመስ፤ ከታች ቅመስ» ይለዋል። ከሁሉም ጨው ነው። ሟሟ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ያ ረቂቅ ነገር የሁሉ ባሕርይ እንደሆነ ነግሮት «ታት ትቫም አሲ» ይለዋል፤ ያ አንተ ነህ። ይህች ቃል በምዕራፉ ውስጥ 9 ጊዜ ትመላለሳለች።

አሁን ሦስት ሊቃውንት በዚህች በሦስት ቃል ላይ ተቀመጡ።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረው ሻንካራ፣ የአድቫይታ («ሁለት አይደለም») ትምህርት ቤት መምህሩ፣ «ያ» እና «አንተ» በቀጥታ አንድ ናቸው ይላል። የትምህርት ቤቱ ምሳሌ «ይህ ያ ደቫዳታ ነው» የሚል ነው። ደቫዳታን ትናንት በሌላ ከተማ አይተኸው ዛሬ እዚህ ብታገኘው፣ የትናንቱንና የዛሬውን ጊዜና ቦታ ትተህ ሰውየውን ብቻ ትይዛለህ። እንዲሁ «ያ» ከሚለው ዓለም ፈጣሪነቱን፣ «አንተ» ከሚለው ውስንነትህን አውጣ፤ የሚቀረው ንጹሕ ዕውቀት አንድ ነው።

በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው ራማኑጃ «ምንም ማውጣት አያስፈልግም» ይላል። «አንተ» የሚለው ቃል በአንተ ላይ አይቆምም፤ በውስጥህ ሆኖ ወደሚገዛህ ወደ ጌታ ይዘልቃል። ነፍስህ ለእርሱ አካሉ ናት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ «ዓለምን ያስገኘውና በአንተ ውስጥ የሚኖረው አንድ ነው» ማለት ነው። ነፍስ ግን አትጠፋም፤ ለዘለዓለም ነፍስ ሆና ትኖራለች።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኡዱፒ አቅራቢያ የተወለደው ማድቫ ደግሞ ቃሉን ሌላ ቦታ ላይ ከፈለው፦ «አታት ትቫም አሲ»። ያ *አይደለህም*።

የመጀመሪያው ሰው ራሱን ሲያውቅ ሁለተኛ የለም። ሁለተኛው ራሱን ሲያውቅ የጌታ አካል መሆኑን ያውቃል። ሦስተኛው ራሱን ሲያውቅ ጌታ አለመሆኑን ያውቃል። እነዚህን ሦስቱን «አንድ ባሕር» ብሎ የሚያስታርቅ ሰው ሦስቱንም አላዳመጠም።

ሳንቃ_በር፦
የማድቫው አልበዛም? ጽሑፉ «ነህ» ሲል «አይደለህም» ብሎ ማንበብ ምን የሚሉት ትርጓሜ ነው።

ባለ_ፊደል፦
እንደሚመስለው ዘሎ የመጣ አይደለም። ከፊቱ ያለው ቃል «አትማ» (ከአትማን፣ «ራስ» ከሚለው) ነው፤ መጨረሻው ረጅም «ኣ»። በሳንስክሪት ረጅም «ኣ» ከሚቀጥለው ቃል መነሻ «አ» ጋር ሲገናኝ ይውጠዋል። ስለዚህ «አትማ + ታት» ብትለውም «አትማ + አታት» ብትለውም፣ ተያይዞ ሲጻፍ አንድ ዓይነት ነው። ፊደሉ ሁለቱንም ይሸከማል። ልዩነቱ የት ጋ እንደምትቆርጠው ነው።

ማድቫ በሰዋስው ብቻ አይቆምም። የአባትየውን ምሳሌዎች ያነሣል፦ በገመድ የታሰረ ወፍና ገመዱ የታሰረበት፣ ወንዝና ባሕር፣ ጨውና ውኃ። «ሁሉም ሁለት ነገር ናቸው፤ አንድነትን ለማስተማር የፈለገ ሰው እንዴት የሁለት ነገር ምሳሌ ይደረድራል?» የሚል ነው ክርክሩ። እኔ በበኩሌ የአቆራረጡ ነገር አያሳምነኝም፤ የምሳሌዎቹ ክርክር ግን ቀላል አይደለም።

አንድ እርማት ለዘአንድምታ። «አይሉም» የሚለው ትንሽ ከርሯል። ቀናና ጠማማ መንገድ ይዘው የሚሄዱ ሁሉ፣ ውኃ ወደ ባሕር እንደሚገባ ወደ አንተ ይደርሳሉ የሚል ስንኝ በ«ሺቫ ማሂምና ስቶትራ» 7ኛ ቁጥር ላይ አለ። ቪቬካናንዳ መስከረም 11 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሲናገሩ የጠቀሱት እርሱን ነው። ያ ግን ለአምላክ ሺቫ የቀረበ የምስጋና መዝሙር እንጂ የክርክር መጽሐፍ አይደለም።

ዘአንድምታ፦
ተቀብያለሁ። «የክርክር ሊቃውንቱ አይሉም» ተብሎ ይስተካከል።

የቆላ_ንብ፦
ይቅርታ ላቋርጥና፣ አማርኛው ላይ አንድ ነገር ሳይያዝ ባይታለፍ። አድቫይታን «ተዋሕዶ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። አይሆንም። ተዋሕዶ እንዲባል መጀመሪያ የሚዋሐዱ ሁለት ያስፈልጋሉ። አድቫይታ የሚለው ቃል በቀጥታ «ሁለት አይደለም» ነው፤ ቀድሞም አልተለያዩም፣ ስለዚህ አይገናኙም። «ከብራህማን ጋር አንድ መሆን» (ብራህማን «ያ» የተባለው የሁሉ ባሕርይ ነው) የሚለው አባባል ራሱ ለሻንካራ ስሕተት ነው፤ መሆን የሚባል ነገር የለም፤ ማወቅ ብቻ ነው ያለው። እኔ «ኢ-ሁለትነት» ብዬ እጽፋለሁ፤ አያምርም፣ ግን አያሳስትም።

አትማንን «ነፍስ» ማለትም እንዲሁ ያንገዳግዳል። በእኛ ትምህርት ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፦ ታስባለች፣ ትናገራለች። ሳምክያ በሚባለው ጥንታዊ ትምህርት ቤትም ሆነ በአድቫይታ ግን የሚያስበው፣ የሚፈርደው፣ «እኔ» የሚለው ሁሉ (ማናስ፣ ቡዲ፣ አሃምካራ) ከቁሱ ወገን ነው የሚቆጠረው። አትማን የሚያስበውን ያያል እንጂ አያስብም። ለራማኑጃና ለማድቫ «ነፍስ» ማለት ብዙም አይጎዳም። ለሻንካራ ግን ይጎዳል።

ጠያቂው_ሰው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ዘአንድምታ፣ ወደ ተግባሩ ቢመልሱን። የሻንካራው ተማሪ ምን ያደርጋል?

ዘአንድምታ፦
ብራህማ ሱትራ፣ የኡፓኒሻዶችን ትምህርት በአጫጭር ቁጥሮች የሚያጠናቅረው መጽሐፍ፣ የሚጀምረው «አታቶ ብራህማ ጂጅናሳ» ብሎ ነው፤ «እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ብራህማንን ለማወቅ መሻት»። «ከዚያ ወዲያ» ከምን ወዲያ? እዚህችው የመጀመሪያ ቃል ላይ ሻንካራና ራማኑጃ ይለያያሉ። ራማኑጃ «የቬዳውን የሥርዓት ክፍል፣ መሥዋዕቱንና ግዴታውን ካጠኑ ወዲያ» ይላል። ሻንካራ «አይደለም፤ አራቱ መሟያዎች ከተሟሉ ወዲያ» ይላል።

አራቱ እነዚህ ናቸው። ዘላቂውን ከኃላፊው መለየት። የዚህንም ዓለም የሰማይንም ዋጋ አለመመኘት። 6 ተያያዥ ጠባያት፦ ልብን ማብረድ፣ ሕዋሳትን መግታት፣ ከውጫዊ ጥድፊያ መመለስ፣ ብርዱንና ሙቀቱን ሳያጉረመርሙ መቻል፣ በመምህሩና በቃሉ መታመን፣ ልብን ማሰባሰብ። አራተኛው ከዳግም ልደት ዑደት ነጻ የመውጣት ጽኑ ናፍቆት ነው። የሥራ መንገድ (ካርማ ዮጋ) ለሻንካራ ቦታው እዚህ ነው፦ ፍሬውን ሳይመኙ መሥራት ልብን ያጠራል፣ ነጻ ግን አያወጣም። ምክንያቱም ሥራ የሚያስገኘው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ስላለው መጨረሻ አለው።

ከዚያ ሦስት ደረጃ፦ መስማት፣ ማብላላት፣ በዚያው መጽናት (ሽራቫና፣ ማናና፣ ኒዲድያሳና)። መስማት ሲባል ቁጭ ብሎ ስብከት ማድመጥ አይደለም። የጽሑፉን አቅጣጫ በ6 ምልክት መመርመር ነው፦ መነሻውና መደምደሚያው ይገጥማሉ? ምን ይደጋገማል? በሌላ መንገድ የማይታወቅ ምን ይናገራል? ፍሬው ምንድን ነው? ምን ያወድሳል? በምን ምክንያት ያስረዳል? ይህን በቻንዶግያ 6 ላይ ብትሞክረው፣ መነሻው «አንድ ብቻ፣ ሁለተኛ የሌለው»፤ ድግግሞሹ 9 ጊዜ «ያ አንተ ነህ»፤ ውዳሴው «ያልተሰማው የሚሰማበት»፤ ማስረጃው ሸክላው፣ ወርቁና ብረቱ (አንዱን ጭቃ ያወቀ የሸክላ ዕቃን ሁሉ ያውቃል፤ ልዩነቱ የስም ነው)። የአንድምታ ትምህርት ያየ ሰው ይህ አሠራር አይከብደውም። ልዩነቱ፣ በእኛ «አንድም» ብሎ ብዙ ትርጓሜ አብሮ ይኖራል፤ እነዚህ ግን ሌላውን ትርጓሜ ካላፈረሱ አይተኙም።

ማብላላት ጥርጣሬን በምክንያት ማጥፋት ነው። ሦስተኛው የቆየውን ልማድ ማሸነፍ ነው፤ «እኔ ይህ ሥጋ ነኝ» የሚለው ልማድ በአንድ ቀን ክርክር ስለማይለቅ።

ሳንቃ_በር፦
ታዲያ መስማት ብቻውን እንዴት ነጻ ያወጣል? ስለ ማር የሰማ ሁሉ ማር አልቀመሰም።

የቆላ_ንብ፦
ትክክለኛው ቦታ ላይ መጣህ፤ አድቫይታዎቹ ራሳቸው የተከፈሉበት ነው። መልሳቸው የአሥረኛው ሰው ምሳሌ ነው። አሥር ሰዎች ወንዝ ተሻግረው «ሁላችን አለን?» ብለው ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ራሱን ሳይቆጥር ዘጠኝ ያገኛል፤ «አንዱ ሰምጧል» ብለው ያለቅሳሉ። መንገደኛ ይመጣና ቆጥሯቸው «አሥረኛው አንተ ነህ» ይለዋል። (ራሱን ሳይቆጥር «ሰው ጎደለብን» የሚለው ሞኝ ለእኛም ተረት እንግዳ አይደለም።)

እዚህ ላይ ቃል ሰምቶ ሄዶ የሚፈልገው ነገር የለም። ቃሉ ራሱ ያገኘዋል፤ የሚፈለገው ሰሚው ስለሆነ። ማር ሩቅ ስለሆነ ወሬው አያጣፍጥም፤ አሥረኛው ግን ሩቅ አይደለም። የቪቫራና ወገን በዚህ ይቆማል፦ በበቃ ሰው ላይ መስማቱ ራሱ ቀጥተኛ ዕውቀት ይወልዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ እንቅፋት ጠራጊ ናቸው። የባማቲ ወገን (የቫቻስፓቲ ሚሽራ) «ቃል የሩቅ ዕውቀት ብቻ ይሰጣል፤ ቀጥተኛ የሚያደርገው በመጽናት የተሳለ ልቡና ነው» ይላል። የአንተ የማር ጥያቄ የሁለተኛው ወገን ነው ማለት ነው።

በተግባር ልዩነቱ ትልቅ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ካልገባህ ወደ ጽሑፉ ተመለስና እንደገና ስማ ትባላለህ። በሁለተኛው ቁጭ በልና አስብ ትባላለህ።

ጠያቂው_ሰው፦
እንግዲህ ዮጋም ከዚሁ ጋር ይገጥማል ማለት ነው? «ዮጋ» ራሱ «አንድነት» ማለት ነው ሲባል እሰማለሁ።

ባለ_ፊደል፦
ይህንን በየስፖርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያነበበ ሁሉ ይደግመዋል። «ዩጅ» የሚለው ሥር «ማጣመር» የሚል ትርጉም አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን የዮጋ ሱትራ (የፓታንጃሊ መጽሐፍ) ጥንታዊ ተርጓሚ ቭያሳ ገና በመጀመሪያው ቁጥር ላይ «ዮጋ ሳማዲ ነው» ብሎ በሌላው ትርጉም ይይዘዋል፤ ማለት ልቡናን መሰብሰብ። ንጉሥ ቦጃ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሲተረጉም ይብሳል፤ እዚህ ዮጋ ማለት መለያየት ነው ይላል! ሐቁም እርሱ ነው። የፓታንጃሊ መድረሻ ስሙ «ካይቫልያ» ነው፤ ብቸኝነት። ተመልካቹ (ፑሩሻ) ከሚታየው (ፕራክሪቲ) ተለይቶ ብቻውን ይቆማል። ከማንም ጋር አይገናኝም። ደግሞ ፑሩሻዎች ብዙ ናቸው፤ እንደ ሻንካራ አንድ አይደሉም። ሥርዓተ ፍጥረቱን ከሳምክያ ነው የወሰደው፤ በሳምክያ 25 መሠረቶች አሉ፤ 24ቱ ከቁሱ ወገን፣ 25ኛው ፑሩሻ።

መጽሐፉ በተለመደው አቆጣጠር 195 አጫጭር ቁጥሮች አሉት፤ 51፣ 55፣ 55 እና 34 ሆነው በአራት ክፍል። ከነዚህ ስለ አቀማመጥ (አሳና) የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው «ጽኑና ምቹ የሆነ አቀማመጥ» ይላል፤ በቃ። በራስ መቆም፣ እግር አንገት ላይ መጠምጠም የለም፤ ያ ከዘመናት በኋላ ከሃታ ዮጋ (የአካልና የእስትንፋስ ዮጋ) መጻሕፍት የመጣ ነው።

አሠራሩ 8 ክፍል ነው፦ 5 መከልከያ (አለመጉዳት፣ እውነት፣ አለመስረቅ፣ ከፍትወት መታቀብ፣ ንብረት አለማከማቸት)፣ 5 መጠበቂያ፣ አቀማመጥ፣ እስትንፋስን መግዛት፣ ሕዋሳትን ከዕቃቸው መመለስ፣ ልብን አንድ ቦታ ማሰር፣ ያ ሳይቋረጥ መፍሰሱ፣ በመጨረሻ ሳማዲ። ሰዎች ከ3ኛው ይጀምሩና «ልቤ አልረጋም» ይላሉ። ውሸት ተናግሮ የመጣ ልብ እንዴት ይረጋል? መከልከያዎቹ ፊት የተቀመጡት ለጌጥ አይደለም።

የቆላ_ንብ፦
እስትንፋሱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሃታ ዮጋ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በጌራንዳ ሳምሂታ ውስጥ ያለው ልክ 16 ቆጥሮ ማስገባት፣ 64 መያዝ፣ 32 ማውጣት ነው፤ 1 ለ4 ለ2። ሰው ይህን አንብቦ በመጀመሪያው ሳምንት 64 ሊይዝ ይሞክራል። ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ራሱ በ2ኛው ምዕራፍ እስትንፋስ እንደ አንበሳ፣ እንደ ዝሆን፣ እንደ ነብር ቀስ በቀስ ይገራል፤ ካልሆነ ባለቤቱን ይገድላል ይላል። በችኮላ የሚመጣውንም ይዘረዝራል፦ ስቅታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ የራስ ምታት፣ የጆሮና የዓይን ሕመም። መያዙን ትቶ ማውጫውን ከማስገቢያው እጥፍ ማርዘም ለጀማሪ በቂ ነው። ካወጣህ በኋላ አየር ለመሻማት የምትጣደፍ ከሆነ ቁጥሩ በዝቶብሃል፤ ቀንስ።

ጠያቂው_ሰው፦
የፍቅር መንገድስ? እርሱ ቀላሉ ነው ይባላል።

ዘአንድምታ፦
ለማን ቀላል? ራማኑጃ ባክቲ ብሎ የሚጠራው ነገር መዝሙርና ጭብጨባ አይደለም። ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ሲንቆረቆር እንደማይቆራረጥ የዘይት ፈትል፣ ጌታን ያለማቋረጥ ማሰብ ነው። ለዚያ የሚያበቁ 7 ልምምዶች ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው የምግብ ጥራት ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ አለመቆዘምና በደስታ አለመስከር። ሁለቱንም መከልከሉ ያስደስተኛል፤ ልብ በሐዘንም በፈንጠዝያም ፈትሉ ይበጠሳል።

ይህ ባክቲ የቬዳ ትምህርት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዘመኑ ሥርዓት ከላይኛዎቹ ሦስት ማኅበራዊ መደቦች ውጭ ላለው ዝግ ነበር። በሩን የከፈተው ፕራፓቲ ነው፤ ራስን ማስጠጋት። 6 አካል አለው፦ እርሱ የሚወደውን ለማድረግ መቁረጥ፣ የማይወደውን መተው፣ ያድነኛል ብሎ ማመን፣ ጠባቂዬ ሁን ብሎ መለመን፣ ራስን አሳልፎ መስጠት፣ ሌላ መጠጊያ እንደሌለ ማወቅ። ለማንም ክፍት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል።

እዚህም ተከፈሉ። የሰሜኑ ወገን (ቫዳካላይ፣ መምህራቸው ቬዳንታ ዴሲካ) «የጦጣ ግልገል እናቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውም የራሱን ጥቂት ጥረት ያድርግ» ይላል። የደቡቡ (ቴንካላይ፣ ፒላይ ሎካቻርያ) «የድመት ግልገል ምንም አያደርግም፤ እናቱ በማጅራቱ ይዛው ትሄዳለች» ይላል። የድመቶቹ ክርክር ስለታም ነው፦ «ራሴን አሳልፌ ሰጠሁ» ካልክ ሰጪው አንተ ነህ፤ ቀድሞውንም የእርሱ የሆነውን እንደ ራስህ ንብረት ሰጠኸው ማለት ነው። በዚያ አነጋገር ራስን መስጠትም ስርቆት ይሆናል።

ባለ_ፊደል፦
ስለ ድጋሚ ጸሎት (ጃፓ) ጥቂት፣ ጠያቂው «ጠዋት ምን ያደርጋል» ስላለ። መቁጠሪያው 108 ፍሬ ሲሆን፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬ አለ፤ እርሱ አይቆጠርም፣ አይታለፍም። እርሱ ጋ ስትደርስ መቁጠሪያውን ገልብጠህ በመጣህበት ትመለሳለህ። ፍሬው በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ይያዛል፤ አመልካች ጣት አይነካውም። ከቤንጋሉ ቻይታንያ (እ.ኤ.አ. 1486–1533) በሚወርደው መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመው የሃሬ ክሪሽና ማኅበር ምእመን በቀን 16 ዙር ይደግማል፤ 16 በ108፣ 1,728 ጊዜ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የተለመደው ብልሽት ዙሩን ለመጨረስ መሮጥ ነው፤ ቃላቱ ይዋጣሉ፣ የሚሰማ አይኖርም። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን ቃል በገዛ ጆሮ መስማት። ለእነርሱ የመጨረሻው ግብ ሞክሻ (ነጻነት) እንኳ አይደለም፤ ፍቅሩ ራሱ ነው። ነጻነትን ለራሷ ስትፈልጋት እንቅፋት ናት ይላሉ።

ሳንቃ_በር፦
በአድቫይታው ተቀምጠው የሚያስቡትስ ምን ይሳሳታሉ? ለሌሎቹ ነገራችሁን፤ ለእነርሱ አልነገራችሁም።

ዘአንድምታ፦
ጋውዳፓዳ፣ የሻንካራ መምህር መምህር የሚባለው፣ በማንዱክያ ኡፓኒሻድ ላይ በጻፋቸው 215 ስንኞች ውስጥ በ3ኛው ምዕራፍ ጥርት አድርጎ አስቀምጦታል። አራት እንቅፋት ነው።

አንደኛ ማንቀላፋት፤ ልቡና ዕቃ ሲያጣ ይተኛል። አንቃው። ሁለተኛ መበተን። መልሰህ አብርደው። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው፦ አልተኛም፣ አልተበተነም፣ ግን ደንዝዞ ቆሟል፤ ከሥር የተቀበረ ምኞት ቀስፎ ይዞታል። ይህ ሰው ከውጭ ሲታይ የጸና ይመስላል። «ዕወቀው» ነው የሚለው ጋውዳፓዳ፤ ያልታየ ምኞት አይለቅም። አራተኛው ጣዕሙን ማጣጣም፦ ሰላሙ ደስ ሲል «እንዴት ደስ ይላል» ብሎ እርሱ ላይ መቀመጥ። አጣጣሚ ካለ ሁለት አለ፤ ሁለት ካለ ገና ነው። ልብ ሲስተካከል ግን አትነካካው ይላል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ የረጋውን ውኃ ረግቶ እንደሆነ ለማየት እጁን ይከታል።

ሌላው በራማና ማሃርሺ (እ.ኤ.አ. 1879–1950፣ በአሩናቻላ ተራራ ሥር በቲሩቫናማላይ የኖሩት) ስም የሚሠራ ስሕተት ነው። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው መጠይቅ እንደ ጸሎት የሚደገም አይደለም፤ መልስ የሚጻፍለት ጥያቄም አይደለም። ሐሳብ ሲነሣ «ይህ ለማን መጣ?» ይባላል፤ «ለእኔ» ሲባል ያ «እኔ» የሚለው ስሜት ከየት እንደሚነሣ ይከተሉታል። ሐሳቡን ሳይሆን የሐሳቡን ባለቤት ነው የሚያሳድዱት። «አትማን ነኝ» ብሎ መመለስ ሌላ ሐሳብ ጨመረ እንጂ አልፈታም።

የቆላ_ንብ፦
የካሽሚር ሺቫውያንም (የሺቫ አምላኪዎቹ) ሳይነሡ እንዳይቀሩ፣ በአጭሩ። ለእነርሱ ዓለም ማታለያ አይደለችም፤ የሺቫ ጨዋታ ናት። ነገሩም መለየት ወይም ማስወገድ ሳይሆን ያንኑ እንደገና ለይቶ ማወቅ ነው (ፕራትያቢጅና)። የኡትፓላዴቫ ምሳሌ ደስ ይላል፦ አንዲት ሴት ዝናውን ሰምታ የወደደችው ሰው ከፊቷ ቆሟል፤ ግን እርሱ መሆኑን ስለማታውቅ እንደ ማንኛውም ሰው ታየዋለች፤ ደስታ የለም። አንድ ሰው «እርሱ ነው» ሲላት ብቻ ልቧ ይሞላል። የታየው ያው ነው። አቢናቫጉፕታ መንገዱን አራት ደረጃ ያደርገዋል፤ ከእስትንፋስና ከአካል ልምምድ ጀምሮ፣ በሐሳብ፣ በፈቃድ፣ እስከ «መንገድ-አልባ» ድረስ። ዝቅተኛው ላይ መጀመር ነውር አይደለም።

ሳንቃ_በር፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ያወቀ ሰው እየኖረ ነጻ ነው? ወይስ ሲሞት?

ዘአንድምታ፦
ሻንካራ እየኖረ ይላል። ዕውቀት ሲመጣ የተከማቸው ካርማ (የሥራ ውጤት) ይቃጠላል፣ አዲስ አይጨመርም፣ ፍሬ መስጠት የጀመረው ግን ከቀስት እንደወጣ ፍላጻ ነው፤ ጉልበቱ እስኪያልቅ ይበራል። ሥጋው በዚያ ይቆያል። ራማኑጃ ይህን አይቀበልም፤ ሥጋ እያለ ነጻነት የለም፣ «እናቴ መካን ናት» እንደማለት ነው ብሎ ይሳለቃል። ማድቫም ሙሉውን ከሥጋ ወዲያ ያደርገዋል፤ እዚያም ቢሆን የደስታው መጠን እንደየነፍሱ ይለያያል፤ ትንሿም ትልቁም ማሰሮ ሞልቷል፣ ግን እኩል አይይዙም።

ጠያቂው_ሰው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከየት ልጀምር ማንበብ?

ባለ_ፊደል፦
ከማንዱክያ አትጀምር፤ 12 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሰው ይደፍረዋል፣ ከዚያ በጋውዳፓዳ 215 ስንኝ ውስጥ ይጠፋል። ቻንዶግያ 6ን በሙሉ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ አንዱን ጊዜ ምሳሌዎቹን ብቻ እየጻፍክ፦ ማሩ፣ ወንዙ፣ የሾላው ዘር፣ ጨው። ከዚያ በ6.8.7 ላይ ሻንካራ ምን እንዳለ ተመልከት፤ የራማኑጃውን ግን እዚያ አትፈልገው፣ ብራህማ ሱትራ 1.1.1 ላይ በጻፈው ረጅም ሐተታ ውስጥ ነው ያለው። እርሱን ስትከፍት ጊዜ ያዝ፤ በአንዲቱ ሱትራ ላይ ብቻ አንድ ትንሽ መጽሐፍ የሚያህል ጽፏል።